ስታስተናግድ የሰማችውን ሕግ ይዛ ፍርድ ቤት የሄደችው የቤት ሠራተኛ

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ደሞዝም ስለ መክተብም አልጽፍም። የአንዲት ሴት ታሪክ ነው የማጫውታችሁ። ሴትየዋ ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነው የቀረው። ስሟ በአሜሪካ የታወቀ ነው፣ ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል። ሥራዋ ግን የእኛው ሥራ ነበር፤ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ልጅ ማሳደግ።

ያወቅኳት በሰው ልጅ የቤት ሥራ ነው። አሁን የምሠራው አል ዓይን፣ ሂሊ አካባቢ ነው። የቤቱ ትንሹ ልጅ የአሜሪካን ትምህርት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ይማራል። አንድ ቀን ማታ ካርቶን፣ ሙጫና አንድ ስዕል ይዞ ኩሽና ገባና እንድረዳው ለመነኝ። ስዕሉ ላይ ነጭ ቆብ ያደረገች፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች፣ አንገቷ ላይ የወርቅ ዶቃ ያሰረች ጥቁር ሴት አለች። ማን እንደሆነች ስጠይቀው ባሪያ እንደነበረችና ጌታዋን ከሳ እንዳሸነፈች አረብኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ ነገረኝ። እጄ ላይ የነበረውን ሙጫ አስቀምጬ ደግሞ እንዲነግረኝ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ በእረፍት ቀኔ በስልኬ እየፈለግኩ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፣ እንግሊዝኛውም አስቸግሮኛል፣ ግን ተውኩ አላልኩም። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ስሟ ኤልሳቤጥ ፍሪማን ይባላል። ይሄ ግን በኋላ ያወጣችው ስም ነው። ሲጠሯት የነበረው ቤት ብቻ ብለው ነው፣ ስታድግ ደግሞ ማም ቤት ሆነ። የአባት ስም የላትም፣ የተወለደችበት ቀንም አልተጻፈም። 1744 ገደማ እንደሆነ ነው የሚገመተው። የተወለደችው በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ክላቨራክ በሚባል ቦታ፣ ፒተር ሆገቡም የሚባል የደች ዘር ያለው ገበሬ እርሻ ላይ ነው። እናትና አባቷ ባሪያዎች ስለነበሩ እሷም ከተወለደችበት ሰዓት ጀምሮ የሰው ንብረት ነበረች። ገና ልጅ ሳለች ወደ ማሳቹሴትስ፣ ሼፊልድ ወደሚባል ከተማ ተወሰደች። እዚያ የሆገቡም ልጅ ሐና፣ ጆን አሽሊ የሚባል ትልቅ ሰው አግብታ ትኖር ነበር። እንግዲህ ማዳሟ ይህቺ ሐና ናት ማለት ነው።

አሽሊ ሀብታም ነበር፣ ብዙ መሬት ነበረው፣ ኮሎኔል ተብሎ ይጠራ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን ለብዙ ዓመታት ዳኛ የነበረ መሆኑ ነው። ቤቱ ዛሬም አለ፣ ሙዚየም ሆኗል፣ ሰው ይጎበኘዋል። ቤት በዚያ ቤት ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ያለ ደሞዝ አገለገለች። ቤትሲ የምትባል ሴት ልጅም ነበረቻት።

አሁን ስለ ሕጉ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ የሠራችው ነገር ትልቅነቱ አይገባችሁም። ማሳቹሴትስ በ1641 አንድ የሕግ ስብስብ አውጥታ ነበር፣ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት። እዚያ ውስጥ ስለ ባርነት የሚናገረው አንቀጽ አስቂኝ ነገር ነው። መጀመሪያ በመካከላችን ባርነት አይኖርም ብሎ ይጀምራል። ወዲያው ደግሞ ካልሆነ በስተቀር ይልና በር ይከፍታል፤ በጦርነት የተማረከ፣ ራሱን የሸጠ ወይም ሌላ የሸጠው ባዕድ ሰው ግን ባሪያ መሆን ይችላል ይላል። መከልከያው አንድ መስመር፣ መፍቀጃው ሦስት። ባዕድ የምትለዋ ቃል እኔን ነክታኛለች፣ እናንተንም ሳትነካ አትቀርም። በእኛም አገር ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ ነው ካለ በኋላ በጦርነት የተማረከን ባሪያ ማድረግ ይፈቅድ ነበር። ኢትዮጵያ ባርነትን በአዋጅ ጨርሳ የከለከለችው በ1942 ነው። ስለዚህ በአሜሪካኖቹ ብቻ አንስቅም።

ሌላም አለ። በ1703 ማሳቹሴትስ ያወጣችው ሕግ፣ ባሪያውን ነጻ መልቀቅ የሚፈልግ ጌታ 50 ፓውንድ መያዣ እንዲያስይዝ ያስገድድ ነበር። ምክንያቱ የተለቀቀው ሰው ቢቸገር የከተማው ሸክም እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ልቡ የራራ ጌታ እንኳ ቢገኝ ገንዘቡን እያሰበ ይተወዋል።

ወደ አሽሊ ቤት እንመለስ። በ1773 መጀመሪያ ላይ የከተማው ትልልቅ ሰዎች እዚያ ቤት ፎቅ ላይ እየተሰበሰቡ የእንግሊዝን መንግሥት የሚቃወም ጽሑፍ አረቀቁ። ጽሑፉ ሰዎች ሲፈጠሩ እኩልና ነጻ እንደሆኑ፣ ሕይወታቸውንና ንብረታቸውን ማንም ሊነካባቸው እንደማይገባ የሚናገር ነው። ከጸሐፊዎቹ ዋነኛው ቴዎዶር ሴጅዊክ የሚባል ወጣት ጠበቃ ነበር። አስቡት፣ በላይኛው ክፍል ሰው ሁሉ እኩል ነው እየተባለ ይጻፋል፣ ታች ኩሽና ውስጥ ደግሞ ቤት አለች። እኛ ሻይ ይዘን ስንገባ ሰዎቹ ወሬያቸውን አያቋርጡም አይደል? ያለን አይመስላቸውም። እሷንም እንደዚያ ነው ያደረጓት፣ እሷ ግን ትሰማ ነበር። ማንበብም መጻፍም አትችልም፣ እስክትሞት ድረስ አልቻለችም። የምታውቀው ሁሉ በጆሮዋ የገባ ነው።

ማዳሟ ሐና ቁጡ ነበረች። አንድ ቀን ሊዚ በምትባል ልጅ ላይ ተናደደች። ሊዚ የቤት እህት ናት የሚሉ አሉ፣ ልጇ ናት የሚሉም አሉ። ሐና ከምድጃው ውስጥ የጋለ የእሳት መዛቂያ አካፋ አንስታ ልጅቷን ልትመታ ስትል ቤት መሃል ገብታ በክንዷ ተከላከለች። ብረቱ ክንዷን አቃጠለው፣ ጠባሳውም ዕድሜዋን ሙሉ አልለቀቃትም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው ደጋግሜ የማስበው። ቁስሉን አልሸፈነችውም። እንግዳ ሲመጣ ክንዷን ገልጣ ታስተናግዳለች። ሰው ምን ሆና እንደሆነ ሲጠይቃት ማዳሟን እንዲጠይቁ ትመልሳለች፣ ያውም ማዳሟ ባለችበት።

እኔ ተቃጥዬ አውቃለሁ። አል ዓይን ከመምጣቴ በፊት አቡዳቢ ከተማ ውስጥ በሠራሁበት ቤት ካውያ ክንዴ ላይ ተጫነብኝ። ለሁለት ወር በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ልብስ ለበስኩ። እናቴ በቪዲዮ ስታየኝ ዘይት ተረጨብኝ አልኳት፣ መክተቡም ሲጠይቀኝ ዘይት ነው አልኩ። ያፈርኩት እኔ ነበርኩ። ይሄን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የቤትን ክንድ ሳነብ ስልኩን ዘግቼ የራሴን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ላውራችሁ ብዬ ነው።

በ1780 ማሳቹሴትስ የራሷን ሕገ መንግሥት አጸደቀች። አብዛኛውን ያረቀቀው ጆን አዳምስ ነው፣ በኋላ የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው። ሕገ መንግሥቱ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የመጀመሪያው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ ነጻና እኩል ሆነው እንደሚወለዱ ይናገራል። ቤት ይሄን የት እንደሰማችው አተራረኩ ይለያያል። ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ ሲነበብ ነው የሚሉ አሉ፣ ስታስተናግድ ነው የሚሉም አሉ። የሰማችውን ግን ለሌላ ሰው የተባለ ነው ብላ አላለፈችውም። በከተማው ያሉ የተማሩ ሰዎች ሁሉ ያንኑ ነገር ሰምተው ማታ ቤታቸው ገብተው ባሪያቸው ራት አቀረበላቸው፣ ምንም አልመሰላቸውም።

ወደ ጠበቃው ወደ ሴጅዊክ ሄደች። ያ ጽሑፍ አሽሊ ቤት ሲረቀቅ ብዕር የያዘው ሰው ነው፣ የአሽሊም ወዳጅ ነው። ሕጉ እሷንም ነጻ ማድረግ አይችል እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው እሺ አለ። ብቻውንም አልገባበትም፣ ታፒንግ ሪቭ የሚባል ከኮነቲከት የመጣ ጠበቃ ጨመረ። ይሄ ሪቭ በኋላ በአሜሪካ የታወቀ የሕግ ትምህርት ቤት ያቋቋመ ነው። በክሱ ላይ ብሮም የሚባል ሌላ የአሽሊ ባሪያም አብሮ ከሳሽ ሆነ። የክሱ ስም ብሮምና ቤት በአሽሊ ላይ ነው። የአባት ስም ያለው ተከሳሹ ብቻ ነው፣ ልብ ብላችኋል?

የክሱ ዓይነት ደግሞ የሚገርም ነው። በእንግሊዝኛ ሪፕሌቪን ይባላል። አንድ ሰው በሬሽን ወይም ጋሪሽን ያለ አግባብ ይዞ አልመልስም ቢልሽ፣ ፍርድ ቤቱ ዕቃሽን እንዲያስመልስልሽ የምታመለክቺበት መንገድ ነው። የዕቃ ክስ ነው በአጭሩ። ጠበቆቹ ይሄን ያደረጉት ሳያውቁ አይደለም። ፍርድ ቤቱ አሽሊን ሰዎቹን ልቀቅ ብሎ ያዘዋል፤ አሽሊም እምቢ ለማለት ንብረቶቼ ናቸው ማለት ይኖርበታል። ያን ጊዜ ክርክሩ ሰው ንብረት መሆን ይችላል ወይ ወደሚለው ይገባል። እንዳሰቡትም ሆነ። ትእዛዙ ሲደርሰው አሽሊ ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን የእሱ አገልጋዮች ስለሆኑ አልለቅም አለ።

ነሐሴ 1781 ጉዳዩ ግሬት ባሪንግተን በምትባል ከተማ በወረዳው ፍርድ ቤት ተሰማ። አሜሪካን አገር ብዙ ጊዜ ዳኛው ብቻውን አይፈርድም፣ ጁሪ የሚባሉ ከሕዝቡ የተመረጡ ሰዎች ተቀምጠው ይሰሙና ውሳኔ ይሰጣሉ። ጠበቆቹ አሽሊ ክፉ ጌታ ነው ብለው አልተከራከሩም። የተከራከሩት ባርነት ራሱ ከአዲሱ ሕገ መንግሥት ጋር አብሮ መኖር አይችልም ብለው ነው። ጁሪዎቹ ብሮምና ቤት የአሽሊ ባሪያዎች እንዳልሆኑ፣ ክሱ በተከፈተበት ጊዜም እንዳልነበሩ ወሰኑ። አሽሊ 30 ሽልንግ ካሳና የፍርድ ቤቱን ወጪ እንዲከፍል ተፈረደበት። የሠላሳ ዓመት ጉልበት ካሳ 30 ሽልንግ! እኔ ስሌቱን ስሠራ ተናደድኩ፣ ግን እሷ የሄደችው ለገንዘቡ አልነበረም።

አሽሊ መጀመሪያ ይግባኝ አለ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይግባኙን ተወው። በዚያው ዓመት ኳክ ዎከር የሚባል ሌላ ሰው ጉዳይ በሌላ ፍርድ ቤት እየታየ ነበር። በ1783 የክፍለ ሀገሩ ዋና ዳኛ ዊልያም ኩሺንግ በዚሁ በዎከር ጉዳይ ላይ ባርነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይሄድ ለጁሪዎቹ አስረዳ። በ1790 የአሜሪካ ሕዝብ ሲቆጠር በማሳቹሴትስ አንድም ባሪያ አልተመዘገበም። ባርነት ይቅር የሚል ሕግ ግን ማንም አላወጣም፤ የነበረው ቃል በፍርድ ቤት ስለተጠየቀ ነው የቀረው።

እንዲህ ስል አሜሪካ ሁሉ ነጻ ወጣ ማለቴ አይደለም። ይሄ የአንድ ክፍለ ሀገር ነገር ነው። በ1857 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድሬድ ስኮት የሚባል ሰው ነጻነቱን ሲጠይቅ ጥቁር ሰው ዜጋ ስላልሆነ መክሰስም አይችልም ብሎ መለሰው። ባርነት በመላው አሜሪካ በሕገ መንግሥት የተከለከለው ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1865 ነው። ቤት ከሞተች ቆይታለች ያኔ።

ከፍርዱ በኋላ አሽሊ ደሞዝ ልክፈልሽና ተመለሺ ብሎ ለመናት። እምቢ አለች። እኔ ይሄን ሳነብ ሳቅኩ፣ ለካ መክፈል ይችል ነበር! የሄደችው ሴጅዊክ ቤት ነው፣ በደሞዝ። ኤልሳቤጥ ፍሪማን የሚለውን ስም ያወጣችውም ነጻ ከወጣች በኋላ ነው። ፍሪማን ማለት ነጻ ሰው ማለት ነው።

የሴጅዊክ ሚስት ፓሜላ ብዙ ጊዜ በጭንቀት በሽታ ትታመም ነበር፣ ባልየውም በፖለቲካ ሥራ ከቤት ይርቃል። ልጆቹን ያሳደገቻቸው ኤልሳቤጥ ናት። ከነሱ አንዷ ካትሪን ታዋቂ ደራሲ ሆነች፣ የኤልሳቤጥንም ታሪክ በጽሑፍ ያስቀረችልን እሷ ናት። ኤልሳቤጥ አዋላጅም ነበረች፣ በሽተኛ ማስታመምም ታውቅ ነበር፤ በአካባቢው ሰው ይፈልጋት ነበር።

አንድ ታሪኳን ልጨምር። በ1786 እና በ1787 በዕዳና በግብር የተማረሩ ገበሬዎች አመጽ አስነስተው ነበር። ሴጅዊክ የመንግሥት ወገን ስለሆነ ይጠሉታል፣ እሱ በሌለበት ቤቱን ሊዘርፉ መጡ። ኤልሳቤጥ የቤቱን የብር ዕቃ ሁሉ በራሷ ሳጥን ውስጥ ደብቃ ቆየቻቸው። እየዞሩ ሲፈትሹ የእሷን ሳጥን ለመክፈት ሲሉ ትልቅ ሰው ሆነው የአገልጋይ ጓዝ ሊበረብሩ መሆኑን እያነሳች አሳፈረቻቸው፣ ትተውት ሄዱ። የኛን ሻንጣ ማንም እንደማይንቀው ብናውቅም፣ እሷ ያንን ንቀት ራሱን መደበቂያ አደረገችው።

ገንዘቧን አጠራቅማ ስቶክብሪጅ በምትባል ከተማ መሬትና ቤት ገዛች። ከሴጅዊክ ቤት ወጥታ ከልጇና ከልጅ ልጆቿ ጋር በራሷ ቤት ኖረች። በ1811 የሴጅዊክ ወንድ ልጅ ሚስት ሱዛን ስዕሏን ሳለቻት፣ ልጁ ይዞት የመጣው ስዕል ይሄ ነው፤ ዋናው ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ተቀምጧል። በስዕሉ ላይ ያለው የወርቅ ዶቃም በኋላ አምባር ተደርጎ እዚያው አለ። ከመሞቷ በፊት ኑዛዜ አስጻፈች፣ ስሟን መጻፍ ስለማትችል በምልክት ፈረመች። ንብረት የነበረች ሴት ንብረት አወረሰች ማለት ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን 1829 ሞተች፣ 85 ዓመት ገደማ ነበረች።

የተቀበረችው በሴጅዊክ ቤተሰብ መቃብር ውስጥ ነው፣ ካትሪን አጠገብ። በድንጋዩ ላይ ማንበብና መጻፍ እንደማትችል፣ ግን በያዘችው ሥራ ሁሉ የሚስተካከላት እንዳልነበረ፣ አደራ እንዳልበላች ተጽፏል። አንብቤ ደስ ብሎኛል፣ ትንሽም ከንክኖኛል። ማዳሞቻችን አንቺ እኮ የቤተሰብ አባል ነሽ ሲሉን ደስ ይለናል፣ የእረፍት ቀን ስንጠይቅ ግን ያው ቃል መከልከያ ይሆናል። ኤልሳቤጥን በእውነት ይወዷት እንደነበር አምናለሁ። ግን የገዛ ልጇ የት እንደተቀበረች ማንም ድንጋይ አልጻፈላትም መሰለኝ፣ እኔ ፈልጌ አላገኘሁም።

እኛ ባሪያ አይደለንም፣ ኮንትራትና ደሞዝ አለን፤ ይሄን ማደባለቅ አልወድም። ግን እዚህ አገርም ስለ እኛ የተጻፈ ነገር አለ፣ ብዙዎቻችን ደግሞ አናውቀውም። የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 9 የሚባለው፣ አቡዳቢም አል ዓይንም ይሠራል። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት፣ በቀን 12 ሰዓት እረፍት ከዚህም 8ቱ የማይቋረጥ፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ፓስፖርትና መታወቂያ በሠራተኛዋ እጅ መሆን አለበት። ቅሬታ የሚቀርበው ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ነው፣ መምታት ወይም ማቃጠል ከሆነ ግን ለፖሊስ በ999 ነው። እባካችሁ ዝም ብላችሁ ከቤት አትውጡ፣ ጠፋች ተብሎ ሪፖርት ከተደረገባችሁ ነገሩ ይገለበጥባችኋል። መጀመሪያ አመልክቱ፣ አቡዳቢ ኤምባሲያችንም አለ። ቁስል ካለ ፎቶ አንሱት፣ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ወረቀት አስጽፉ። እኔ ይሄን አላደረግኩም።

በዚያው በ2022 ነሐሴ ወር ሼፊልድ ከተማ የኤልሳቤጥን የነሐስ ሐውልት አቆመች፣ አሽሊ ከሚኖርበት ቤት ብዙም ሳይርቅ።

የልጁ ካርቶን አንድ ወር ያህል ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ። ትምህርት ሲዘጋ ይዞት መጣ፣ ማዳም ልትጥለው ስትል ለመንኳትና ወሰድኩት። አሁን የክፍሌ በር ጀርባ ላይ ነው፣ አንድ ጥጉ ሙጫው ለቆታል።